ሎሚ የነካው አጥሚት

ታኅሣሥ ሚካኤል፣ ጥዋት 1 ሰዓት

የወተቱ ዱቄት ዛሬም አልሟሟ ብሎ አስቸገረን። ውሃው ሲበዛበት ይንሳፈፋል፣ ሲያንሰው ይጓጉላል። ሐዋ በትልቁ ማማሰያ ትታገለዋለች፣ እኔ ስኳርና ዘይት እጨምራለሁ። ጣቴ ላይ የቀረውን ዱቄት እልሳለሁ። የየቀን ቁርሴ። ከማእድ ቤቱ ዳስ ውጭ የስደተኛው ሰልፍ ከአሁኑ ረዝሟል። እናቶች መሬት ላይ፣ ልጆች ጭን ላይ። የሚያለቅሰው ጥቂት ነው። የሚያለቅስ ልጅ ስሰማ ደስ ይለኛል ደብተሬ። ለማልቀስም ጉልበት ያስፈልጋላ።

ሐዋ እንደ ልማዷ ሻሂ በለበን ቀዳችልኝ። የመተማ ሰው ናት፣ ገላባት ያደገች፤ ሟች ባሏ ገዳሪፍ ሱቅ ነበረው። ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዓረብኛ ትናገራለች፣ ሁሉን ሰው ትቆጣለች፣ ያለሷ ይህ ማእድ ቤት አንድ ቀን አያድርም። በጾም ወተት ያለበት ሻይ ስጠጣ እያየች ትስቅብኛለች። ያ ኡስታዛ፣ አስተማሪዋ፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽ ወይስ እንደኔ ነሽ? ትለኛለች። ጾም የተውኩት ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ነው። ተጣልቼ አይደለም። እንዲሁ ቀረ።

ያው ዕለት፣ 10 ሰዓት

ትምህርቱ ተሳካ! የማእድ ቤቱ ረዳቶች ሰሞኑን አስተምሪን እያሉ ሲነዘንዙኝ ነበር። ለምን ዘይት፣ ለምን ስኳር፣ ለምን ወተት። እኔ ጤና ትምህርቴን ከመሐል አቋርጬ የሸሸሁ ነኝ፤ መጽሐፍ የለኝም፣ ከጭንቅላቴ ነው የምቀዳው። ከአሲድና ከቤዝ ጀመርኩ። ከርከዴ፣ የሱዳኑን ቀይ የአበባ ሻይ፣ አፍልቼ በሦስት ብርጭቆ አደረግኩ። አንዱን ተውኩት፣ አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቅኩ፣ አንዱ ላይ የአመድ ውሃ። ሎሚ የነካው ደም መሰለ። አመድ የነካው አረንጓዴ ሆነ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሐዋ ጠንቋይ አስገብተውብናል ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወደ ሰውነት ገባን። ደማችን ከመሐል ትንሽ ወደ አመዱ ወገን ያዘነበለ ነው አልኳቸው። ከዚያ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሳንባና ኩላሊት አሲዱን ሲያስወጡ ይውላሉ። የተራበ ሰው ግን ስኳሩን ይጨርስና ስቡን ያነዳል፤ ከሚነደው ስብ አሲድ ይወጣል። ያኔ ትንፋሹ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል።

ረዳቶቹ ሲበተኑ ከጎንደር በኩል አዲስ ሰዎች ገቡ። አንዷን ስም ልጠይቃት ጎንበስ ብል ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ገበያነሽ ትባላለች፣ የበለሳ ሰው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷን ለሚያይ ስልሳ። እግሯ አብጧል፣ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ማሬ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ይዛለች። (ከእንግዲህ ገ. እላታለሁ። ቀለም ልቆጥብ።)

ታኅሣሥ አረጋዊ፣ 9 ሰዓት

ገ. ከመጣች ጀምሮ ወተቱን እምቢ ብላለች። ማሬን አጠጣቻት፤ ማሬ ለጾም አልደረሰችም። ለራሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የነቢያት ጾም ነው እታለሜ፣ ገና ሳይደርስ አላደርገውም አለች። ለበሽተኛ ይፈቀዳል አልኳት።

«አልታመምኩም፤ ራበኝ እንጂ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባሏን መንገድ ላይ ቀበረችው። ከሱ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ በየተራ። ድንበሩን ተሻግረው ሲመጡ አንድ ዘላን አዝኖላቸው የግመል ወተት ሰጥቷቸው ነበር። ለማሬ ሰጠቻት፣ እሷ አልቀመሰችም። እግዜር ሦስቱን ወሰደ፣ አንዷን ተወልኝ፣ ለምን ይመስልሻል? ጾሜን ስላልገደፍኩ ነዋ አለች። ብገድፍ ይቺንም ይወስዳታል። የገበያ ዋጋ የምትነግረኝ ነው የሚመስለው፣ እንባ የለም፣ ምንም የለም።

ሌላ ነገር ሞከርን። ትናንት ፉል ቀቀልንላት፣ ሆዷ አልያዘውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ አደረች። ምስር ከመጣ ቆይቷል። የሚቀረው የዱራ፣ የሱዳን ማሽላ፣ አጥሚት ብቻ ነው። በዱራ ብቻ ይህ እብጠት አይወርድም። እንዲህ ከቀጠለች ገና ሳይደርስ ትሞታለች። ማሬ ደግሞ ከሷ ሌላ ሰው የላትም።

ቄስ ተሰማ ዘንድ ሄድኩ። የካምፑ ቤተ ክርስቲያናቸው ከሣርና ከሸራ የተሠራ ዳስ ነው፣ እሳቸውም አጥንት ብቻ ናቸው። ጾሙን ይፍቱላት አልኩ። የንስሐ አባቷ እኔ አይደለሁም አሉ። አባቷ በለሳ ቀርተዋል፣ ይኑሩ ይሙቱ አይታወቅም። እሷ በአንደበቷ ብትጠይቀኝ አስብበት ነበር፣ ሳትጠይቀኝ ምን ልበላት? አሉ። እሷ ደግሞ አትጠይቅም። ሰው እየሞተ እርስዎ ስለ ሥርዓት ያወራሉ አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ። በር ቢኖረው ወርውሬ ዘግቼው እወጣ ነበር፤ ዳስ ነው፣ በር የለውም።

ታኅሣሥ ኪዳነ ምሕረት፣ 10 ሰዓት

ዛሬ ትላልቆቹ ሞለኪውሎች። ጨሌ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ስታርች። አንድ ዓይነት ዶቃ በረጅም ክር፣ ዶቃው ስኳር ነው አልኳቸው። የዱራ ገንፎ ላይ የቁስል አዮዲን ጠብ ባደርግ ጠቆረ። ስታርች ማለት ያ ነው፤ ይነዳል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ሥጋ ግን አይሆንም። ቀጥሎ ፕሮቲን። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ ሃያ ዓይነት ዶቃ፣ ተራው ከተዛባ ሥራው የሚበላሽ። ዱራ ውስጥ አንዷ ዓይነት ታንሳለች። እሷ ስታልቅ ሌላው ተትረፍርፎም ክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ወተት ውስጥ ግን ሁሉም አለ።

ይህን ለማሳየት አንድ ብርጭቆ ወተት ላይ ሎሚ ጨመቅኩ። ተቋጠረ። አሲዱ የወተቱን ፕሮቲን እርስ በርሱ አጣበቀው አልኩ። ሐዋ አየት አድርጋ፣ ይሄማ ጂብና ነው፣ አይብ በሉት፣ ምን ታስጨንቂናለሽ አለች። ሁሉም ሳቁ።

ሳስተምር ዓይኔ ውጭ ነበር። ገ. ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ማሬን ታሻሻለች። የገ. ጸጉር እንደ ደረቀ ሣር፣ ሲነኩት ይነቀላል። እኔ እዚህ ስለ ዶቃ እለፈልፋለሁ።

ቆረጥኩ። ከሰዓት በኋላ አጥሚቷ ላይ የወተት ዱቄት በእፍኜ ጨመርኩ። ዱራውም ነጭ፣ ዱቄቱም ነጭ። ማን ያውቃል?

ሐዋ አየችኝ። እንዲህ ተቆጥታ አላውቅም። ሐራም ነው አለችኝ። የኔ ድስት ውስጥ አሳማ ብትጨምሪብኝ ምን ልልሽ ነው? ትሙት እንዴ ታዲያ? አልኳት። እንድትኖር ለምኛት፣ አልቅሺ፣ እግሯ ላይ ውደቂ፣ ተደብቀሽ አታጉርሻት አለች። ወላሂ እኔ ያን ጣሳ አልነካም። እና እኔው ወሰድኩት። ገ. ጠጣች፣ ጨረሰችው። የዛሬው ጣመኝ፣ እጅሽ ይባረክ አለችኝ።

አሜን አልኩ።

ታኅሣሥ ገብርኤል፣ 11 ሰዓት

ጥዋት ሁሉ ነገር ደስ ይል ነበር። የገ. ፊት ቀለል ብሏል፣ ትናንት ራሷ ተነስታ ውሃ ቀድታለች። ድዷ ግን ይደማል፤ ግማሹ ካምፕ ድዱ ይደማል፣ አትክልት ካየን ቆየን። አንድ የገዳሪፍ ነጋዴ ለገብርኤል ብሎ አንድ ጆንያ ሎሚ ላከልን። ለሰዉ አደልኩ። ምጠጡት፣ ድዳችሁን ይጠግነዋል እያልኩ። ለሷም በእጇ ሰጠኋት። እኔ ራሴ። ሎሚ ወተት ላይ ምን እንደሚሠራ ለሰው ሁሉ ያሳየሁት እኔ።

9 ሰዓት ላይ አጥሚቷን አመጣሁላት። ሎሚውን ጨመቀችበት። ለጣዕም ነዋ! ጣሳውን ስታማስለው ተቋጠረ። ነጭ ነጩ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ። ቆም ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ላም ያለበች፣ ወተት የናጠች ሴት ናት።

ምንድን ነው? አለችኝ። ዱራው ነው አልኩ። ይህንንም ዋሸሁ።

«አይብ አላውቅም እንዴ፣ እታለሜ?»

ጣቷን ጉሮሮዋ ከተተች። የወጣው ጥቂት ነው፤ ያለፉትን ቀናት የጠጣችውን ማውጣት አትችልም። ከዚያ ማሬን ጎትታ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገቻት። ከላይ ከሚያያት የምትደብቃት ትመስል ነበር። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ሐዋ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ማርያም፣ ጥዋት 3 ሰዓት

ማሬ ታመመች። ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ። የካምፑን ልጆች ግማሹን ይህ ይዟቸዋል፣ ውሃው ነው፤ ለገ. ግን ውሃው አይደለም። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ምንጣፉ ጋ ስደርስ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝና አንድ ቃል ብቻ አለች።

«አልኩሽ።»

ደብተሬ፣ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ ማእድ ቤት ሆኜ ጨው፣ ስኳርና ሶዳ እለካለሁ፤ ሐዋ ወስዳ በማንኪያ በማንኪያ ታጠጣታለች። ተቅማጥ ውሃውን ብቻ አይደለም ይዞ የሚወጣው፣ ቤዙንም ነው። ያኔ ደም ወደ ሎሚው ወገን ያዘነብላል፤ ልጅቷ በፍጥነት የምትተነፍሰው አሲዱን በሳንባዋ ልታስወጣ ነው። ሶዳው ለዚያ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ሄጄ ግን እጇን መያዝ አልችልም።

ገ. ከኛ ማእድ ቤት የወጣ ነገር አትቀምስም። አጥሚትም፣ ሻይም። ከቦቴው የተቀዳ ውሃ ብቻ። የተጎነጨችውም ለማሬ ስትል ነው።

ታኅሣሥ ጊዮርጊስ፣ 8 ሰዓት

ማሬ ተነሳች! ዛሬ ጥዋት ቁጭ ብላ ስኳር ጠየቀች፣ ሐዋ እምቢ ስትላት በማንኪያው መታቻት። ሐዋ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች። እኔም ከማእድ ቤቱ በስተጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ገ. ግን ወደቀች። ራሷን ቀና ማድረግ አቅቷታል። እጇ ቀዝቃዛ ነው አለችኝ ሐዋ። ማሬ ዳነችልሽ እኮ፣ አሁን ቅመሺ ብላ ለምናታለች። ለማስጠንቀቂያ ነው ያዳናት፣ ሁለተኛ አይምረኝም ነው መልሷ። ሐዋ ወደኔ መጥታ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ የሰበርሽውን ሂጂና ጠግኚ አለችኝ።

ቄስ ተሰማ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ድምፄን አላነሳሁም። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ስለ ሰውነቷ የምታውቂውን ንገሪኝ አሉ። ጨሌው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ሥጋችን የተሠራው እንዲህ ነው አልኩ። ሰው በቂ ሳያገኝ ሲቀር ሰውነቱ ከራሱ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ስቡን፣ ከዚያ የጭኑን፣ የክንዱን፣ መጨረሻ የልቡን ሥጋ ክሩን እየበጠሰ ዶቃውን ያነዳል። ክሩን በጠስኩት። ዶቃው መሬት ላይ ተበተነ።

«አባ፣ ገበያነሽ ሥጋ እየበላች ነው። የራሷን።»

ጎንበስ ብለው ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ እጄ ላይ አስቀመጡልኝና፣ ልጄ፣ ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም? አሉኝ። ያን ጊዜ የመጣሽው ልትቆጪኝ ነበር።

እውነታቸውን ነው። ረዳቶቹን ሁለት ከሰዓት ሙሉ አስተማርኩ። እሳቸውን አንዲት ደቂቃ አላስተማርኩም። ገ.ን ራሷንም።

ታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት፣ 10 ሰዓት

ቄስ ተሰማ ጥዋት በዘንግ ተደግፈው መጡ። ምንጣፏ ጎን ተቀመጡ። በለሳ እስክትመለሺ የንስሐ አባትሽ ልሁን? አሏት። ዓይኗን ከደነች፣ እሺ ማለቷ ነው። እኛን ዘወር አድርገው ብቻቸውን አነጋገሯት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ አልጠይቅም።

ከዚያ ጠሩኝ። ፊቷ ነው የተናገሩት። ጾሙ የተገደፈው በሷ አፍ ነው፣ በሷ ፈቃድ ግን አይደለም፤ በአንቺ እጅ ነው። ስለዚህ እስከ ገና የቀረውን አንቺ ትጾሚላታለሽ። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የለም፣ ከዚያም በኋላ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ የለም። ስግደትም አለብሽ። እሷ ደግሞ በኔ ቃል ትጠጣለች፤ ልጅቷን የሚነካት የለም፣ ጾሙ አልተቋረጠምና። አሉ።

ገ. ወደኔ ዞረች። ከገብርኤል ወዲህ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ታደርጊዋለሽ? እምልልሻለሁ አልኳት። አትማዪ አለች። ጣሳ ባመጣሽ ቁጥር ውስጡ ያለውን ንገሪኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

9 ሰዓት ላይ ለብ ያለ ወተት ይዤላት ሄድኩ። ሰው እንደሚያደርገው ልቀምስላት ጣሳውን ወደ አፌ አነሳሁ፤ ትዝ አለኝ፣ አወረድኩት። አየችኝ። ምን አለበት? አለች። ወተት። ስኳር። ዘይት። ውሃ። ሌላ ምንም የለበትም አልኩ።

አማተበች። ማሬን አየቻት፤ ማሬ ዶቃዎቹን በአዲስ ክር ትሰካለች፣ ቀይ በቀይ ላይ፣ ተራ የለ ምን የለ። ራሷን ደገፍኩላት። አንድ ጉንጭ። ቆየች። ሌላ። ግማሹን ጠጣች፣ ሆዷም ያዘላት። ከዚያ የማሬን እጅ ይዛ ፊቷን ብቻ ስታይ ቆየች፣ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል እያለች የምትጠብቅ ሰው ነበረች።

ማንም አልመጣም።

ታኅሣሥ 25፣ ጥዋት 1 ሰዓት

ሁለቱም አድረዋል። ሐዋ ሄዳ አየቻቸው፤ ማሬ ተኝታለች፣ ገ. ነቅታለች፣ ጣሳው መቼ ነው ብላ ጠይቃለች። ትድናለች ብዬ አልጽፍም፣ ገና ነው። ግን ጠይቃለች!

ሐዋ ሻሂ በለበኑን እንደ ልማዷ ዘረጋችልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሳዳውስ? አለች፣ ያለ ወተቱ። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልኳት። አልሳቀችብኝም። ብርጭቆውን ይዛ ወጣችና ውጭ ሆና ጠጣችው፣ ሽታው እንዳይደርሰኝ።

እግዜርን መልሼ አግኝቼዋለሁ አልልም፣ ደብተሬ፣ አንቺን አልዋሽም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ምንጣፍ ላይ ያለችው ሴት የልጇ ነፍስ እኔ አፍ ላይ እንዳለ ታምናለች። በዚህ አልቀልድም።

ዱቄቱን ብቻዬን በጠበጥኩ። ዛሬም አልሟሟ አለ። ራበኝ፣ ጉድ ነው፣ ገና ከጥዋቱ። እጄ ነጭ በነጭ ሆነ፣ ሳላስበው ጣቴ ከንፈሬ ጋ ደረሰ።

ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት። ማንም አላየኝም።